ሬዲዮ ላይ «እሺ» ማለት

የአውሮፕላን አደጋ ሲደርስ ቆይቶ ሪፖርት ይወጣና «መንስኤው የፓይለት ስህተት ነው» ይባላል፣ በቃ፣ ሰውም ገባኝ ብሎ ያልፋል። እዚህ ቴክሳስ ውስጥ በትርፍ ሰዓቴ መብረር መማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን እኔ እዛች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ማለፍ እያቃተኝ ነው። ስህተት የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ አንዳንዴም የማያሻማ ነው። የሚያስጨንቀኝ ስህተቱ የት ጋ ጀመረ የሚለው ነው። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ እጅ የሠራው ነገር ብቻ ነው ስህተት የሚባለው ወይስ ከዛ በፊት ሬዲዮ ላይ ደጋግሞ «እሺ» የተባለበት ጊዜም ይቆጠራል? ይሄን ጥያቄ ውስጤ የከተተው አንድ አደጋ አለ፣ ዛሬ ስለሱ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ሂውስተን ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 9 ቀን 2016፣ በኛ ሰኔ 2 ቀን 2008 ዓ.ም፣ ሐሙስ። ሲረስ ኤስአር20 የምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከኦክላሆማ፣ ኖርማን ከምትባል ከተማ ተነስታ ወደ ሂውስተን ሆቢ ኤርፖርት እየመጣች ነበር፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ውስጧ ሦስት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ነበሩ፣ ፓይለቷ ከነሱ አንዷ ናት። ሂውስተን ሆስፒታል ያለ የታመመ የቤተሰብ ሰው ሊጠይቁ ነው የመጡት። ይሄ ነገር ሁሌ ይነካኛል፣ ምክንያቱም የታመመ ለመጠየቅ መንገድ የሚወጣ ሰው ልቡ ግማሹ ቀድሞት ነው የሚደርሰው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኩለ ቀን አልፎ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ አውሮፕላኗ ከኤርፖርቱ ወጣ ብሎ ያለ የሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ሰው የሌለበት መኪና ላይ ወደቀች። ሦስቱም ሞቱ። መሬት ላይ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ሆቢን ሂውስተን ያለን ሐበሾች በደንብ እናውቀዋለን፣ እንግዳ ለመቀበል ያልሄደ የለም። ከመኪና ሆናችሁ ስታዩት ከትልቁ ኤርፖርት አንፃር ትንሽ ይመስላል፣ ከትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ግን ትንሽ አይደለም። ቦይንግ 737 በላይ በላዩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የእሱ የማረፊያ ስፒድ ወደ 130 ኖትና (ኖት የአውሮፕላን ስፒድ መለኪያ ነው) ከዛም በላይ ይሄዳል፣ እንደ ሲረስ ያለች አውሮፕላን ደግሞ መጨረሻ ላይ 80 ኖት አካባቢ ነው የምትመጣው፣ ስለዚህ ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ማሰለፍ ለኮንትሮለሩም፣ አውሮፕላኖቹን በሬዲዮ ለሚመራው ሰው፣ ራስ ምታት ነው፣ ለትንሿ አውሮፕላን ፓይለት ደግሞ ከኋላ እየተገፉ መምጣት ነው። የትልቁ ጄት ክንፍ ጥሎት የሚያልፈው የተጠማዘዘ አየርም አለ፣ ትንሿን ሊገለብጣት ይችላል፣ ስለዚህ መራቅም አለባት መፍጠንም አለባት፣ ሁለቱንም ባንዴ።

ፓይለቷ መጀመሪያ ራንዌይ 4 የሚባለው የማረፊያ መስመር ነበር የተሰጣት። ከኋላዋ የሚመጣው ጄት ስለፈጠነ ታወሩ፣ ኮንትሮለሮቹ ያሉበት ማማ ማለት ነው፣ ማረፉን ትተሽ ተመለሺ አላት፣ እኛ ጎ አራውንድ የምንለው ማለት ነው፣ ጋዝ ሰጥቶ እንደገና ወደ ላይ። እሺ አለች። ከዛ ራንዌይ 35 ተሰጣት። ነፋሱ በዛ ሰዓት ከምሥራቅ ነበር የሚነፍሰው፣ ራንዌይ 35 ደግሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ስለሆነ ነፋሱ ከጎን ነው የሚመታው፣ በቀኝ በኩል ዞሮ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከመጨረሻው መታጠፊያ በፊት ያለችው መስመር ላይ ከኋላ ይገፋል፣ ለመውረድ የነበረህ ጊዜ ያጥርና ራንዌዩ ፊት ለፊትህ ሲመጣ አንተ ገና ከፍታ ላይ ነህ። ይሄን ያልቀመሰ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እሷም ከፍ ብላ መጣች፣ አልሆነም፣ ጎ አራውንድ። እንደገና ዞራ መጣች፣ አሁንም ከፍታ፣ አሁንም ጎ አራውንድ። በመሀል ታወሩ ላይ ኮንትሮለር ተቀይሯል፣ መመሪያው እየተለዋወጠ ነው፣ ዙሪ፣ ይሄኛውን ተከተዪ፣ ያኛውን ራንዌይ፣ በዚህ በኩል፣ በዛ በኩል። እሷ ሁሉንም እየተቀበለች፣ ደግማ እያነበበች፣ በትህትና እየመለሰች ነው። ሬዲዮው ላይ ቁጣ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ይሄ ነው የሚከብደው።

የመጨረሻው ጎ አራውንድ ላይ ምን እንደሆነ መርማሪዎቹ አውሮፕላኗ ላይ ከተቀዳው ዳታ አይተውታል። ስፒዱ በቂ ሳይሆን ፍላፑ ተነሳ፣ አውሮፕላኗ እየታጠፈች ነበር፣ ስቶል አደረገች፣ ከዛ እየተሽከረከረች ወረደች።

ለማያውቅ ሰው እዚህ ጋ ቆም ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም «ስቶል» ሲባል ብዙ ሰው ሞተር ጠፋ ማለት ይመስለዋል። ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን እየሠራ ስቶል ይኮናል። መኪና ውስጥ ሆናችሁ እጃችሁን በመስኮት አውጥታችሁ መዳፋችሁን ትንሽ ቀና ስታደርጉት ነፋሱ ወደ ላይ ያነሳዋል አይደል፣ በጣም ቀና ካደረጋችሁት ግን ማንሳቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክንፍም እንደዛ ነው፣ አየሩን የሚቀበልበት አንግል ከሆነ ልክ ሲያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ 15 ዲግሪ ምናምን አካባቢ፣ አየሩ ክንፉን ይለቀዋል። ፍላፕ ደግሞ ክንፉ ጀርባ ላይ ያለችው ወደታች የምትታጠፈዋ ክፍል ናት፣ እሷ ስትወርድ አውሮፕላኑ በዝግታ ሄዶም አየር ላይ መቆየት ይችላል፣ ለዚህ ነው ለማረፍ የምናወርዳት። ዋጋዋ ደግሞ ትጎትታለች፣ ፍላፕ ሙሉ ወርዶ ሽቅብ መውጣት ለትንሽ ሞተር ከባድ ነው። ስለዚህ ጎ አራውንድ ስታደርግ ፍላፑን መመለስ አለብህ፣ ግን ባንዴ አይደለም፣ መጀመሪያ ጋዝ፣ ከዛ በግማሽ፣ ከዛ ስፒድ ጠብቀህ፣ ወደ ላይ መውጣትህን አይተህ፣ ከዛ የቀረውን። ስፒድ ሳይኖርህ ካነሳኸው አየር ላይ ይዞህ የነበረውን ነገር ራስህ ነጠቅከው ማለት ነው። እየታጠፍክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ከፍታህን ሳትለቅ 45 ዲግሪ ዘንበል ብለህ ስትዞር ስቶል የምታደርግበት ስፒድ ወደ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አለ፣ እሷም ተፈትናበት ላይሰንስ ያገኘችበት ነገር ነው። አላወቀችም ማለት አይቻልም።

እዚህ ጋ ነው የኔ ሐሳብ የሚጀምረው። የምታውቀውን ነገር እጇ ለምን አልሠራውም?

የጎ አራውንድን ነገር ያልሞከረው ሰው ቀላል ይመስለዋል፣ ካላረፍክ ተመለስ፣ ምን አለው ይላል። ለማረፍ የተዘጋጀ አውሮፕላን ሁሉ ነገሩ ወደ መሬት ነው የተስተካከለው፣ ባንዴ ሙሉ ጋዝ ስትሰጠው አፍንጫው ወደ ላይ ይዘላል፣ ወደ ግራ ይጎትታል፣ በቀኝ እግርህ ራደሩን፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ፔዳል፣ መጫን አለብህ፣ በእጅህ አፍንጫውን ወደታች መግፋት አለብህ፣ ያኔ መሬት ቅርብ ስለሆነ ደመ ነፍስህ ወደታች መግፋትን አይወደውም። በዚህ መሀል ታወሩ ያወራሃል። አዲስ አቅጣጫ፣ አዲስ ራንዌይ፣ ማንን እንደምትከተል። ያንን ሰምተህ፣ ገብቶህ፣ ደግመህ መልሰህ፣ ከዛ ደግሞ ስፒድህን ማየት። ኢንስትራክተሬ ሁሌ የሚለኝ ነገር አለ፣ መጀመሪያ አብርር፣ ከዛ አቅጣጫህን ያዝ፣ ሬዲዮው መጨረሻ ነው ይላል። ይሄ የሱ ፈጠራ አይደለም፣ የትም የሚማር ፓይለት ሁሉ የሚሰማው ነው። ሲወራ ቀላል ነው፣ ጆሮህ ውስጥ የሚናገር ሰው እያለ ዝም ብሎ ማብረር ግን ለኛ ለሐበሾች በተለይ እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። ተጠርተህ ዝም? አስተዳደጋችን አይፈቅድም እኮ።

የአሜሪካው የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ኤንቲኤስቢ፣ ሪፖርቱ ላይ ዋናውን ምክንያት በግልጽ አስቀምጦታል፣ ጎ አራውንዱ በትክክል አልተሠራም፣ ፍላፑ ከመነሳቱ በፊት ስፒዱ አልተረጋገጠም። እሱ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ እኔም ይሄን አልጽፍም ነበር። ግን ቀጥሎ ሌሎች ነገሮችንም አስተዋጽኦ አድርገዋል ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ኮንትሮለር ፓይለቷን እዛው ኤርፖርቱ ዙሪያ እንድትዞር ማድረጉ አንድ ነው፣ ወጣ አድርጎ ወደ አፕሮች ኮንትሮል፣ ወደ ኤርፖርቱ የሚመጡትን ከሩቅ ለሚመሩት ኮንትሮለሮች፣ መልሶ፣ ሰፋ ባለ ቦታ ተረጋግታ እንደገና እንድትመጣ ማድረግ ይቻል ነበር። ሁለተኛው ኮንትሮለር በጣም አስጨናቂ በሆነች ሰዓት ላይ ሳያስፈልግ የተወሳሰበ መመሪያ መስጠቱ ሌላው ነው። ከዛ ደግሞ የመጨረሻዋ፣ እኔን ያስቀመጠችኝ፣ ፓይለቷ ጠንከር ብላ የራሷን ፍላጎት አለመናገሯ።

ይቺን ነገር አንብቤ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም። አደጋ መርማሪ፣ ብረትና ቁጥር የሚያይ ሰው፣ አንዲት ትሁት ሰው «አይሆንልኝም» አለማለቷን እንደ አደጋ መንስኤ ቆጥሮ ሲጽፈው። እኔ ያደግኩበት ቤት ውስጥ ይሄ ጨዋነት ነው የሚባለው። ትልቅ ሰው ሲያዝህ እሺ፣ ባይገባህም እሺ፣ ብትደክምም እሺ፣ ደግመህ መጠየቅ ድፍረት ነው። ይሉኝታ የሌለው ሰው ማለት ስድብ ነው እኛ ጋ፣ ከባድ ስድብ። እኔ ይሉኝታን አልጠላውም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያኖረን እሱ ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ቦታ የለውም፣ ይሄን እንደ እምነት ነው የያዝኩት።

ይሄ የኢትዮጵያዊ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ደግሞ ራሷ ሂውስተን ታሳያለች፣ ፓይለቷ አሜሪካዊት ናት፣ ሀገሯ ላይ፣ በቋንቋዋ። የሥልጣን ድምፅ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ሰው ሁሉ ትንሽ ያንሳል መሰለኝ። በትልልቆቹም ደርሷል። በ1990 ጃንዋሪ 25 ከኮሎምቢያ የመጣ የአቪያንካ ቦይንግ 707 ኒውዮርክ አካባቢ አየር ላይ ጠብቅ ጠብቅ ሲባል ቆይቶ ነዳጁ አልቆ ወደቀ፣ ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ። ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለው ነግረዋል፣ «ኢመርጀንሲ» የምትለዋን ግን ጥርት አድርጎ ያወጃት የለም። ጠብቁ ሲባሉ ጠበቁ፣ ተሰለፉ ሲባሉ ተሰለፉ። የአውሮፕላኑ ትልቅነት፣ የፓይለቱ ሰዓት ብዛት፣ ከዚህ ነገር አያድንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። ይሄን አደጋ ለሰው ሳወራ «ሴት ስለሆነች ነዋ» ያለኝ አለ፣ አንድ ብቻም አይደለም። ጎ አራውንድ ላይ ወይም መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስቶል አድርጎ መውደቅ ከጥንት ጀምሮ ፓይለት የሚገድል ነገር ነው፣ በዚህ ከሞቱት ደግሞ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ምክንያቱም የሚያበርረው አብዛኛው ወንድ ነው። ክንፉ የሚያውቀው አንግል ነው። እሷ ቤተሰቧን ይዛ ያን ሁሉ መንገድ በሰላም አምጥታለች፣ ያላመቻትን ማረፊያ ትታ መመለሷም ትክክል ነበር፣ ከፍታ ላይ ሆኖ በግድ አርፋለሁ ብሎ ራንዌይ ጨርሶ አጥር የሚሰብር ስንት ወንድ አለ። ይሄን ሰው ሞቶ ሳለ በፆታው ማቅለል ነውር ነው፣ በእውነት ነውር ነው።

ሲረስ ፓራሹት አላት፣ እሱንም የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አዎ፣ ሰው ሳይሆን አውሮፕላኗን በሙሉ የሚያንጠለጥል ፓራሹት ነው፣ ጣራው ላይ ያለ እጀታ ሲሳብ በሮኬት ነው የሚወጣው፣ ብዙ ነፍስም አትርፏል። ግን ከፍታ ይፈልጋል። ኤስአር20 ቀጥ ብላ እየበረረች ከሆነ ወደ 400 ጫማ ገደማ ታጣለች ፓራሹቱ እስኪከፈት፣ ስፒን ውስጥ ከገባች፣ እየተሽከረከረች መውረድ ከጀመረች ማለት ነው፣ ደግሞ 920 ጫማ። ማረፊያ ላይ የሚሆን ስቶል ያን ያህል ቦታ አይሰጥም። ስለዚህ «ለምን አልሳበችውም» ለሚለው ጥያቄ መልሱ መሬቱ ቅርብ ነበር የሚል ነው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም።

ታዲያ ምን ማድረግ ትችል ነበር? ይሄን የምጽፈው ሟችን ለመውቀስ አይደለም፣ ነገ ሬዲዮ የሚይዙ የኛ ልጆች ስላሉ ነው፣ እዚህ አሜሪካም አዲስ አበባም የሚማሩ። ሕጉ ከፓይለቱ ጋር ነው፣ የአሜሪካ የበረራ ሕግ 91.3 ላይ የአውሮፕላኑ የመጨረሻ ውሳኔ የፓይለቱ ነው ብሎ ጨርሶታል፣ ኢመርጀንሲ ሲሆን ደግሞ የሚያስፈልገውን ያህል ከሕጉ ራሱ መውጣት ትችላለህ ይላል። ሬዲዮ ላይ «አነብል» የምትባል አንዲት ቃል አለች፣ አልችልም ማለት ናት፣ ከሷ ጋር ብዙ ማብራሪያ ማያያዝ እንኳን ግዴታ አይደለም። «አነብል» ትላለህ፣ ኮንትሮለሩ ሌላ ነገር ይፈልጋል፣ ሥራው ነው። ከመጀመሪያው ጎ አራውንድ በኋላ «ከዚህ አውጡኝና ቀስ ብዬ ልመለስ» ቢባል ይሰጣል። ከሆቢ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ብሎ ፔርላንድ አለ፣ ታወር እንኳን የሌለው፣ ከኋላህ የሚገፋህ ጄት የሌለበት ኤርፖርት ነው፣ እዛ አርፎ በመኪና ሆስፒታሉ ጋ መድረስ ይቻላል። ኤሊንግተን የሚባለው ኤርፖርትም ሩቅ አይደለም። ይሄ ሁሉ ምርጫ ግን የሚታየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ካርታ ለሚያይ ሰው ነው፣ እዛ ላይ ሆኖ በአንድ ጆሮ መመሪያ እየሰማ፣ በነፋስ እየተንገላታ ላለ ሰው የሚታየው ራንዌዩ ብቻ ነው። ለዛ ነው ከመነሳትህ በፊት ሁለተኛ ቦታህን መርጠህ፣ ወረቀት ላይ ጽፈህ፣ ጉልበትህ ላይ አድርገህ መሄድ ያለብህ፣ «አንዴ ካልሆነ እዛ እሄዳለሁ» ብለህ ለተሳፋሪዎችህም ነግረህ። ቀድመህ የተናገርከውን ነገር በኋላ ማድረግ አያሳፍርም።

ኮንትሮለሮቹንም በክፉ ማየት አልፈልግም። እነሱም ሰው ናቸው፣ ሊረዷት እየሞከሩ ነበር፣ ማንም ሊጎዳት አልፈለገም። የነሱ ችግር እሷ ደህና መምሰሏ ነው። ድምጿ የተረጋጋ፣ መልሷ ትክክል፣ ትህትናዋ ሙሉ፣ ታዲያ ከታወር ሆኖ ጭንቅላቷ ሞልቶ እንደፈሰሰ በምን ይወቅ? ካልነገርከው አያውቅም።

በቅርብ የጀመራችሁ ልጆች በየጊዜው የምትጠይቁኝ ማረፍ ስለመለማመድ ነው፣ እንዴት ለስላሳ አድርጌ ልረፍ ነው ጥያቄው ሁሉ። እኔ ደግሞ ኢንስትራክተራችሁን ሌላ ነገር ጠይቁት እላችኋለሁ። 3,000 ጫማ ላይ ውጡ፣ 2,500ን መሬት ነው በሉት፣ ፍላፕ ሙሉ አውርዳችሁ ለማረፍ እንደምትመጡ ሁኑና እዛ «መሬት» ላይ ስትደርሱ ጎ አራውንድ አድርጉ። መጀመሪያ በደንቡ። ከዛ ኢንስትራክተሩ አጠገባችሁ እያለ ፍላፑን ባንዴ አንሱትና ከፍታ መለኪያው ምን እንደሚሆን እዩት፣ ስቶል ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ስሙት፣ ከዛ «መሬት» ካላችሁት በታች ስንት ጫማ እንደገባችሁ ቁጠሩ። ከዛ ደግሞ ያንኑ ልምምድ ስትደግሙ ኢንስትራክተሩ እንደ ታወር ያውራችሁ፣ ሆነ ብሎ የተወሳሰበ መመሪያ ይስጣችሁ፣ እናንተም እጃችሁ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ወይ ዝም በሉት ወይ «ስታንድባይ»፣ ቆይ ማለት ነው፣ በሉት። መጀመሪያ አካባቢ አፍ አይታዘዝም፣ ይደጋገም።